አንድ ቃል ኪዳን፥ ሁለት ስሞች፦ በስደት አገር ስለ ጋብቻና ስለ ስም መለወጥ





ዛሬ በየቁምስናችን ወደ ውጭ አገር የሄደ ልጅ ወይም ዘመድ የሌለው ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። አንዱ በአሜሪካ፥ ሌላው በኢጣልያ ወይም በጀርመን፥ ሌላዋም በዐረብ አገሮች ትኖራለች። እዚያው ይጋባሉ፥ እዚያው ይወልዳሉ። ከጋብቻቸው ጋር ግን በአገራቸው ሳሉ የማያውቁት አንድ ጥያቄ ይመጣባቸዋል። ሴት ልጅ ካገባች በኋላ የማንን ስም ትያዝ? የአባትዋን ወይስ የባልዋን?

ነገሩን ከሩቅ ሲያዩት የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም ልብ የሚያቈስልበት ጊዜ አለ። አንድ አባት ልጁ የላከችለትን ገንዘብ ለመቀበል ወደ ባንክ ይሄዳል። በወረቀቱ ላይ የልጁን ስም ያነባል፤ ቀጥሎ የተጻፈው ግን የእርሱ ስም ሳይሆን የማያውቀው ሰው ስም ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ያየውን ግን ለሚስቱ እንኳ አይነግራትም። በባሕር ማዶ ያለው ባል ደግሞ ሚስቱ ስሙን ለመያዝ ስታመነታ ቢያይ፥ «ታዲያ ልብዋ ከእኔ ጋር አይደለም ማለት ነው?» ብሎ ያዝናል። እርስዋም አባትዋን ላለማስቀየምና ባልዋን ላለማሳዘን በሁለቱ መካከል ትጨነቃለች። ስለዚህ ጉዳዩን በእምነት ብርሃን መመልከት የእረኝነት ተግባር ሆኖ አግኝተነዋል።

የአባት ስም በእኛ ዘንድ

በእኛ ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስምና በአባቱ ስም ነው፤ ሲያስፈልግ የአያቱ ስም ይጨመራል። ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም የለንም። ስለዚህ የአባት ስም «የማን ልጅ ነሽ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ሴት ልጅ ስታገባ የሚለወጠው ማዕረግዋ ነው፤ ወይዘሪት መባልዋ ቀርቶ ወይዘሮ ትባላለች። የአባትዋ ስም ግን እስከ መቃብር ይከተላታል። የዳግማዊ ምኒልክ ባለቤት እቴጌ ጣይቱ፥ ጣይቱ ብጡል እንደ ተባሉ ኖሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነንም፥ መነን አስፋው መባላቸው አልቀረም። የንጉሠ ነገሥት ሚስት መሆን እንኳ የአባትን ስም አላስጣለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ያገባች ሴት የራስዋን የቤተ ሰብ ስም እንደያዘች እንድትቀጥል ደንግጓል።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በዐረብ አገሮች ያገባች ሴት በአብዛኛው የአባትዋን ስም ይዛ ትኖራለች። በሩቅ ሰሜን በምትገኘው በአይስላንድም ብዙዎች ከስማቸው ቀጥሎ የሚይዙት የአባታቸውን ስም ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎችም እንዲሁ ነበሩ። ጌታችን ጴጥሮስን የዮና ልጅ ስምዖን ብሎ ጠርቶታል (ማቴ. 16፥17)። ያገቡ ሴቶችም በወንጌል በራሳቸው ስም ተጽፈዋል፤ የኩዛ ሚስት ዮሐና (ሉቃ. 8፥3)፥ የቀልዮጳ ሚስት ማርያም (ዮሐ. 19፥25)። ወንጌላውያን ባሎቻቸውን ጠቅሰዋል፤ ነገር ግን የሴቶቹን ስም በባሎቻቸው ስም አልሸፈኑትም።

የሌሎች ልማድና የዛሬው ሕግ

በሌላ በኩል የባልን ስም መያዝ በብዙ የምዕራብ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ የሚስት ሕጋዊ ህልውና በጋብቻ በባልዋ ውስጥ እንደ ተጠቃለለ ይቈጠር ነበር፤ የባል ስም መያዝም ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አብሮ ጸና። ልማዱ ወደ አሜሪካም ተሻገረ። ሉሲ ስቶን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1855 ስታገባ በራስዋ ስም ለመቀጠል ወሰነች። በ1879 በማሳቹሴትስ ሴቶች ለትምህርት ቤት ጉባኤ እንዲመርጡ በተፈቀደ ጊዜ፥ የባልዋን ስም ካልጨመረች እንደማትመርጥ ተነገራት፤ እርስዋም እምቢ አለች፤ ሳትመርጥም ቀረች።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በአሜሪካ ያገባች ሴት ስምዋን እንድትለውጥ ሕግ አያስገድዳትም፤ ምርጫው የራስዋ ነው። በኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1975 የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ሚስት የባልዋን ስም በራስዋ ስም ላይ እንድትጨምር ይላል እንጂ የራስዋን አይወስድባትም። በካናዳ በኩቤክ ከ1981 ጀምሮ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በትውልድ ስማቸው ይቀጥላሉ። በጀርመንም ተጋቢዎች የጋራ ስም ሊመርጡ ወይም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሊይዙ ይችላሉ። እንግዲህ በእነዚህ አገሮች ለምትኖር እህት «የግድ ነው፥ የአገሩ ሕግ ነው» ቢሏት ትክክል አይደለም።

ይሁን እንጂ የባልን ስም የሚይዙ ሁሉ ወላጆቻቸውን ንቀዋል ማለትም ትክክል አይደለም። በዚያ አገር አንድ ስም የአንድ ቤት ምልክት ነው። እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ስም ሲጠሩ አንድነታቸው ለሰው ሁሉ ይታወቃል። በመልካም ልብ የተደረገ ነገር ስለሆነ በንቀት ልናየው አይገባም።

ሁለቱ ልማዶች ሲገናኙ

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ልማዶች በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ነው። ለምሳሌ ያህል አልማዝ ተስፋዬ የምትባል እህት ዮሴፍ ኃይሉ የሚባለውን ወንድም አገባች እንበል። በአሜሪካ ልማድ ስምዋን ብትለውጥ አልማዝ ኃይሉ ትባላለች። ለአሜሪካዊ ጆሮ ይህ የዮሴፍ ሚስት ማለት ነው። ለእኛ ጆሮ ግን የኃይሉ ልጅ ማለት ነው፤ ሚስትዮዋ የባልዋ እህት ሆና ትሰማለች። በእውነቱም የያዘችው የባልዋን ስም ሳይሆን የአማትዋን ስም ነው። በባንክ ወረቀቱን ያነበበው አባት ግራ ቢገባው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ልጁ የሌላ ሰው ልጅ ተብላ ተጽፋ አግኝቷታልና።

አልማዝ በአባትዋ ስም ብትቀጥል ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ማርታ የምትባል ልጅ ወልደው በእኛ ልማድ ማርታ ዮሴፍ ብለው ቢያስጽፏት፥ በአንድ ቤት ሦስት ስሞች ይሆናሉ፤ እናት ተስፋዬ፥ አባት ኃይሉ፥ ልጅ ዮሴፍ። ልማዳችንን የማያውቅ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ወይም የአየር ማረፊያ ሹም «በእርግጥ የዚህች ልጅ እናት ነሽን?» ብሎ ቢጠይቃት፥ ልጅዋን በእጅዋ ይዛ እናትነትዋን በወረቀት ማስረዳት ሊኖርባት ነው። ስለዚህ አንዲት እናት «የልጄ ስምና የእኔ ስም አንድ ይሁን» ብትል ምክንያትዋ ቀላል አይደለም። አባትዋን እንደ ካደች አድርገን አንፍረድባት።

የእግዚአብሔር ቃል ምን ያስተምረናል?

እግዚአብሔር ከአብርሃም ጋር ቃል ኪዳን ባደረገ ጊዜ ስሙን ከአብራም ወደ አብርሃም ለወጠው (ዘፍ. 17፥5)። በዚያው ምዕራፍ የሚስቱንም ስም ከሦራ ወደ ሣራ ለወጠ (ዘፍ. 17፥15)። ልብ በሉ፤ ሣራ አዲሱን ስምዋን የተቀበለችው ከባልዋ ሳይሆን ከእግዚአብሔር ነው። ቃል ኪዳኑ አንድ፥ በረከቱም አንድ ሲሆን፥ ስሙ ግን ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ተሰጠ። ጋብቻም እንዲሁ ነው። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ይሆናሉ (ዘፍ. 2፥24)፤ አንድ ሥጋ መሆን ግን አንዱ በሌላው ተውጦ መጥፋት አይደለም። በዚያው ቃል አባትንና እናትን ስለ መተው ተጽፏል፤ መተው ግን መካድ አይደለም፤ ወላጆችን ማክበር የሚያዝዘው አራተኛው ትእዛዝ በሠርግ ቀን አይሻርምና። ደግሞም በዚያ ጥቅስ ወላጆቹን ይተዋል የተባለው ወንዱ መሆኑን እናስተውል። ለአዲሱ ቤት ሲባል የሚከፈለው መሥዋዕት የሴትዋ ብቻ አይደለም።

ሞዓባዊትዋን ሩትንም እናስታውስ። የአማትዋን ሕዝብ ሕዝብዋ፥ የአማትዋንም አምላክ አምላክዋ አደረገች (ሩት 1፥16)። ከዚህ የሚበልጥ መተባበር አይገኝም። ሆኖም በቤተ ልሔም ቦዔዝ ሲያገባት በሽማግሌዎች ፊት ሞዓባዊት ሩት ብሎ ጠራት (ሩት 4፥10)። የመጣችበትን አልደበቀባትም፥ አላፈረባትምም።

በባዕድ አገር አዲስ ስም የተቀበሉ ቅዱሳንም ነበሩ። ፈርዖን ለዮሴፍ ግብፃዊ ስም ሰጠው፥ ግብፃዊት ሚስትም አጋባው (ዘፍ. 41፥45)። ወንድሞቹ በመጡ ጊዜ ግን ራሱን የገለጠላቸው እናቱ ራሔል ባወጣችለት ስም ነበር (ዘፍ. 45፥3-4)። ዳንኤልና ጓደኞቹም በባቢሎን ሌላ ስም ወጣላቸው (ዳን. 1፥7)፤ እምነታቸውን ግን አልለወጡም። ስለዚህ በስደት አገር ወረቀትዋ ላይ ሌላ ስም የተጻፈ እህት ወይም ወንድም ማንነታቸው ጠፋ አንበል። ዮሴፍ በግብፅ ስሙ እየተጠራ አባቱን በረሃብ ዘመን የመገበ ልጅ ነው። በአባቱ ስም እየተጠራ አባቱን የማይጠይቅ ልጅ ደግሞ በየመንደሩ አለ።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2158 የሰው ሁሉ ስም ክቡር መሆኑንና የባለቤቱን ሰብአዊ ክብር የሚገልጥ መሆኑን ያስተምራል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ በቁጥር 49 ባልና ሚስት በክብር እኩል መሆናቸውን አረጋግጧል። የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 777፥ የላቲን ሥርዓት ሕግም በቁጥር 1135፥ ባልና ሚስት በጋብቻ ሕይወት እኩል መብትና እኩል ግዴታ እንዳላቸው ይደነግጋሉ። ሚስት ስምዋን እንድትለውጥ የሚያዝዝ ወይም እንዳትለውጥ የሚከለክል ቀኖና የለም። ምሥጢረ ተክሊል የሚጸናው በሁለቱ ነጻ ፈቃድ እንጂ በስም መመሳሰል አይደለም።

እንግዲህ ብትለውጥም ኃጢአት አይደለም፥ ባትለውጥም ፍቅርዋ አይጐድልም። ኃጢአት የሚገባው በሌላ በር ነው፤ እርሱም ማስገደድ ነው። ባል የመኖሪያ ፈቃድዋ ጉዳይ በእጁ መሆኑን እያስታወሰ «ስሜን ካልያዝሽ ወረቀትሽን አላስጨርስልሽም» የሚላት ስደተኛ ሚስት ብትኖር፥ ይህ የፍቅር ጥያቄ አይደለም፤ በሰው ችግር መነገድ ነው። ይህን የሚያደርግ በመሠዊያው ፊት የገባውን ቃል አፍርሷል። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርስባት እህት ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ። በአሜሪካ የባልን ስም መያዝ ለመኖሪያ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግም የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ በሆነ ባልዋ ግፍና ሥቃይ የሚደርስባት ሚስት፥ ባልዋን ሳትጠብቅ በራስዋ የምታመለክትበትን መንገድ ከፍቷል። ምሥጢሩን ለአንድ ታማኝ ካህን ወይም የሕግ ዐዋቂ መንገር ባልን መክዳት አይደለም።

ወላጆችም በበኩላቸው እንዳያስገድዱ ይጠንቀቁ። «ስሜን ከጣልሽ ልጄ አይደለሽም» የሚል የስልክ ቃል በባዕድ አገር ብቻዋን የምትታገልን ልጅ ይሰብራል። በአንዳንድ የአገራችን አካባቢ ሙሽራ ወደ ባልዋ ቤት ስትገባ አማትዋ የፍቅር ስም ታወጣላታለች። ይህን ስም የሙሽራዋ አባት እንደ ስድብ አይቈጥረውም፤ ልጁ በዚያ ቤት መወደድዋን ያይበታልና። ስሙ በፍቅር የተሰጠና በደስታ የተቀበለችው መሆኑን የተረዳ አባት፥ የባሕር ማዶውንም ነገር በዚሁ ዓይን ሊያየው ይችላል። ይህን እንዲረዳ ግን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ከልጁ አፍ መስማት ሲገባው ከባንክ ወረቀት ማንበብ የለበትም።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለተጋቢዎች

ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የተዘጋጁትን ወይም ከውጭ መጥተው የሚጋቡትን ስታዘጋጁ የሚከተሉትን አትርሱ።

አንደኛ፥ ጥያቄው ከሠርጉ በፊት ይነሣ። ሁለቱ አብረው ጸልየው፥ ያለ ቍጣና ያለ ዛቻ ይነጋገሩ። የሚወለዱት ልጆች በማን ስም እንደሚጻፉም በዚያው ይስማሙ። ከሁለት አንዱን ብቻ መምረጥም የግድ አይደለም፤ በብዙ አገር የአባትን ስም ጠብቆ የባልን ስም መጨመር ይቻላል።

ሁለተኛ፥ የወሰኑትን ነገር ምክንያቱን ጭምር ለሁለቱም ወገን ወላጆች በአክብሮት ያስረዱ። ባልየው ራሱ ለሚስቱ አባት ደውሎ «አባባ፥ ልጅዎ የእርስዎ ልጅ መሆንዋ አይቀርም» ቢል ብዙ ቅሬታ ገና ሳይጀመር ይቀራል።

ሦስተኛ፥ ስለ ወረቀቱ ይጠንቀቁ። በአሜሪካ ማግባት ብቻውን ስምን አይለውጥም። የጋብቻው የምስክር ወረቀት ማስረጃ ሆኖ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፥ መንጃ ፈቃድ፥ የባንክ ሒሳብና የመኖሪያ ፈቃድ እያንዳንዳቸው በማመልከቻ ይለወጣሉ። ዜግነት በሚጠየቅበት ጊዜም በማመልከቻው ላይ ስምን ስለ መለወጥ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ፓስፖርትዋ በአባትዋ ስም ከሆነ የአውሮፕላን ትኬትዋ በፓስፖርቱ ስም መቈረጥ አለበት፤ ትኬቱ በአዲሱ ስም፥ ፓስፖርቱ በቀድሞው ስም ቢሆን ከበር ልትመለስ ትችላለች። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍም ጸሐፊው ሁሉ በየፊናው ስለሚጽፈው፥ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሁን። የልደት፥ የጥምቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶችን ከተረጋገጠ ትርጕማቸው ጋር በአንድ ቦታ ማኖር ነገ የልጆችን ችግር ያቃልላል።

አራተኛ፥ በቁምስናችን መዝገብ የጥምቀት ስም አይሰረዝም፥ አይደለዝም። ጋብቻው በጥምቀት መዝገቡ ላይ ይመዘገባል እንጂ የተጠማቂዋ ስምና የወላጆችዋ ስም እንደ ተጻፈ ይኖራል። ከውጭ አገር በአዲስ ስም ደብዳቤ የጻፈች ልጅ የጥምቀት ማስረጃ ብትጠይቅ፥ ማስረጃው በመዝገቡ እንዳለው ይጻፍላት፤ የስሙን ለውጥ የሚያስረዳው የመንግሥት ወረቀት ነው። በአዲስ ስም ስለ ጠየቀች ግን እንደ እንግዳ አትታይ።

ውድ ምእመናን፥

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ስደተኞች ባወጡት ሐዋርያዊ ደንብ፥ ወደ ግብፅ የተሰደደችውን የናዝሬትን ቅድስት ቤተ ሰብ የስደተኛ ቤተ ሰብ ሁሉ አብነት አድርገው አቅርበዋል። ዮሴፍና ማርያም በባዕድ አገር ሕፃኑን ጠበቁ፥ እርስ በርስም ተጠባበቁ። በስደት ያሉ ባልና ሚስት ልጆቻችንም የሚያስፈልጋቸው ይኸው መጠባበቅ ነው። በአንድ ስም ቢጠሩ አንዱ ሌላውን በፍቅር ስለ ተቀበለ ይሁን፤ በሁለት ስም ቢጠሩም አንዱ የሌላውን አባትና እናት ስላከበረ ይሁን።

መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራል (ዮሐ. 10፥3)። እርሱ የሚጠራን በሹም ማኅተም በጸናው ስም ብቻ አይደለም፤ ገና በጥምቀት ውኃ ሳለን የእርሱ ሆነን የተጠራንበትን ስም ያውቃል። በመጨረሻም ድል ለሚነሣ የተጠበቀ፥ ከሚቀበለው በቀር ማንም የማያውቀው አዲስ ስም አለ (ራእ. 2፥17)። ያንን ስም ባልም ለሚስቱ፥ አባትም ለልጁ ሊሰጥ አይችልም፤ ሁላችንም በእኩል ከእግዚአብሔር እጅ የምንጠብቀው ነው። እስከዚያ ድረስ በእጃችን ያለውን የሌላውን ስም በአክብሮት እንያዝ።

በሰማይና በምድር ያለ አባትነት ሁሉ ስሙን ያገኘበት እግዚአብሔር አብ፥ በቅርብም በሩቅም ያሉትን ቤተ ሰቦቻችንን ይባርክ፤ በፍቅርና በመከባበርም ያጽናቸው። አሜን።